«ቀንሺው» ሲለኝ አጠፋሁት

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የካውያ ክፍል ተቆጣጣሪ ከሆንኩ አራት ወሬ ነው። ሥራውን አውቀዋለሁ፤ የቸገረኝ እንግሊዝኛው ነው። ተማሪ ሳለሁ እንግሊዝኛ አይከብደኝም ነበር፤ ከውጭ የመጣው ኃላፊያችን የሚናገረው ግን ከተማርኩት ጋር አይገናኝም። አንድ ቀን አንዱ ካውያ ጋ ቆሞ «ተርን ኢት ዳውን» ሲለኝ አጠፋሁት። ለካ ሙቀቱን ቀንሺ ማለቱ ኖሯል፤ እንደገና እስኪግል ሥራ ቆመ። ሌላ ቀን ስብሰባው «ፑት ኦፍ» ሆኗል ሲለኝ ቀርቷል ብዬ ሠራተኞቹን አሰናበትኩ፤ ለካ ወደ 9 ሰዓት ተገፍቶ ነው። አሁን 500 ፍሬዛል ቨርብ (እንደነዚህ ያለ ጥምር ግስ) ከነትርጉሙ የያዘ ዝርዝር ስልኬ ላይ ጭኜ በቀን 20 እሸመድዳለሁ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ይደበላለቅብኛል። ደሴ ያለው ወንድሜ «ተይው፣ ይሄ በልምድ እንጂ በጥናት አይገኝም» ይለኛል። እውነቱን ነው?»

እህታችን፣ አብሽሪ። ወንድምሽ ካለው ግማሹ ልክ ነው፤ ፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር በመሸምደድ አይያዝም። በጥናት አይገኝም ያለው ግን ስህተት ነው። ይገኛል፤ የምታጠኚው ነገርና የምታጠኚበት መንገድ ግን መለወጥ አለበት።

ስልክሽ ላይ ያለው ዝርዝር የሚያሳስትሽ ለአንዱ ግስ አንድ ትርጉም ብቻ ስለሚሰጥ ነው። «ተርን ዳውን» ሙቀት ወይም ድምፅ መቀነስ ነው፤ የቀረበልሽን የሥራ ዕድል አልፈልግም ብትዪም «ተርን ዳውን» አደረገችው ይባላል። «ፒክ አፕ» የወደቀ ዕቃ ማንሳት ነው፤ ሰውን ካለበት ቦታ በመኪና ሄዶ መውሰድም ነው፤ ቋንቋን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከሰው አፍ መልቀምም ነው። ጋርድነርና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ባወጡት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ በብዛት የሚዘወተሩት 100 ፍሬዛል ቨርቦች እያንዳንዳቸው በአማካይ ከ5 የሚበልጥ ትርጉም እንዳላቸው አሳይተዋል። በቀን 20 ስትሸመድጂ ከአምስቱ ትርጉም አንዱን ይዘሽ አራቱን ትተሽ ነው የምትሄጂው። ኃላፊሽ ከአራቱ በአንዱ ሲናገር ደግሞ የሸመደድሽው ራሱ ጠላት ይሆንብሻል።

ወደ ጥናቱ ከመግባታችን በፊት ለነገው ሥራ የሚሆን መላ እንስጥሽ። ያልገባሽ ትእዛዝ ሲመጣ «ዋት?» አትበዪ፤ ያንኑ ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምልሻል እንጂ ሌላ ቃል አይሰጥሽም። ሁለት ትርጉም አስቢና በቀላል ቃል አስመርጪው፦ «ሎወር፣ ኦር ስቶፕ?» ልቀንሰው ወይስ ላቁመው ማለት ነው። ለስብሰባው ደግሞ «ሌተር፣ ኦር ካንስልድ?» በዪው። ሦስት ቃል ናት፤ መልሱም አንድ ቃል ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይገባሽ «የስ» አትበዪ። እኛ «እሺ» ስንል ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ማለታችን ነው፣ በአክብሮት የሰውን ንግግር መቀበያ ነው። እሱ ግን «የስ» ሲሰማ ገብቷታል፣ ትሠራዋለች ብሎ ይሄዳል።

ሌላም የሚያቀልልሽ ነገር አለ። ፍሬዛል ቨርብን መስማትና መረዳት ግዴታሽ ነው፤ መናገር ግን ለጊዜው ግዴታሽ አይደለም። «ሪዱስ ዘ ሂት» ብትዪ ማንም ይረዳሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ለጆሮሽ ተማሪ፤ አንደበትሽ ቀስ ብሎ ይከተላል።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ፍሬዛል ቨርብ ማለት አንድ አጭር ግስና አንዲት ትንሽ ቃል ተጣምረው አዲስ ትርጉም ሲሰጡ ነው። ትንሿ ቃል «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «አውት» ወይም ከነዚህ የመሰለች ናት። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። «ቁጭ አለ» ስንል ማንም «ቁጭ» የሚል ቃል ተናገረ ብሎ አይረዳም። «አለ» የራሱን ትርጉም ትቶ ከ«ቁጭ» ጋር አንድ ግስ ሆኗል። «ዳኛው ፈረደለት» እና «ዳኛው ፈረደበት» በሚሉት ውስጥ ግሱ ያው ነው፤ «ለት» እና «በት» ግን አንዱን ረቺ፣ አንዱን ተረቺ አድርገውታል። «ተርን ኦፍ» እና «ተርን ዳውን» የሚለያዩትም በዚሁ ዓይነት ነው። ክብደቱ ያለው «ተርን» ላይ ሳይሆን በኋላ በምትመጣዋ ላይ ነው።

ትንሿ «አፕ» አንዳንዴ የምትሠራውን ሥራ እኛ በሌላ መንገድ እንሠራዋለን። «ድሪንክ» መጠጣት ነው፤ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ መጠጣት። «ኢት» መብላት ነው፤ «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ መብላት። «ዩዝ አፕ» ጠብታ ሳይተርፍ መጨረስ ነው። ጭልጥ፣ ጥርግ፣ ሙጥጥ የሚሉት ቃላት ለአማርኛው ግስ የሚሰጡትን ፍጻሜ እንግሊዝኛው በ«አፕ» ይሰጣል ብለሽ ያዢው።

ተማሪ ሳለሽ የተማርሽው ከፋብሪካው ጋር ያልተገናኘልሽ ምክንያት አለው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የቤተ ክህነቱና የሊቃውንቱ ደግሞ ላቲን ነበር። ከሁለቱ የመጡት ረጃጅም ቃላት በመጽሐፍ ውስጥ ሰፈሩ፤ የገበሬውና የእጅ ባለሙያው አጫጭር ቃላት በአፍ ላይ ቀሩ። የኛን ግዕዝ ቀመስ ቃላትና የቤት አማርኛ ልዩነት ብታስቢ ያው ነው፤ «ተመገበ» እና «በላ» አንድ ቦታ አይነገሩም። መማሪያ መጽሐፉ «ፖስትፖን»፣ «ቶለሬት»፣ «ኢንቨስቲጌት» ሲል፣ ፋብሪካው «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ሉክ ኢንቱ» ይላል። የተማርሽው ስህተት አልነበረም፤ የጽሑፉ ወገን ነበር። ሪፖርት ስትጽፊ፣ ወይም አንድ ቀን ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለመማር ብታመለክቺ፣ ያ የጽሑፍ ቃል ያገለግልሻል፤ አትጣዪው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀይ የእሳት ማጥፊያ «ኤክስቲንጉዊሸር» ይባላል። እሳት ሲነሳ ግን የሚጮኸው ሰው «ፑት ኢት አውት!» ነው የሚለው።

እዚች ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ያሳሳተሽ ሁሉ እዚሁ ሰፈር ነው። እኛ እሳትም፣ መብራትም፣ ሻማም፣ ማሽንም «እናጠፋለን»። እንግሊዝኛው ይከፍላቸዋል። የሚነድ ነገር፣ እሳት፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ «ፑት አውት» ነው። በማብሪያ ማጥፊያ ወይም በቁልፍ የሚሠራ፣ ካውያ፣ ቴሌቪዥን፣ የቧንቧ ውኃ፣ «ተርን ኦፍ» ነው። አምፖል በሁለቱም ይባላል፤ አንቺ «ተርን ኦፍ»ን ያዢ። በኛ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ውኃም «ይከፈታል»፣ «ይዘጋል»፤ ከዚያ የተነሳ ብዙ ሰው «ኦፕን ዘ ቲቪ»፣ «ክሎዝ ዘ ቲቪ» ይላል። ይህን የሰማ እንግሊዝ ቴሌቪዥኑን በመፍቻ ፈትተሽ ውስጡን እንድታይለት የጠየቅሽው ይመስለዋል። «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ነው መባል ያለበት። «ኦን» እና «ኦፍ» ኃይሉ መኖር አለመኖሩን ይናገራሉ። «አፕ» እና «ዳውን» ግን ኃይሉ እያለ መጠኑን ይናገራሉ፤ «ተርን አፕ» ጨምሪ፣ «ተርን ዳውን» ቀንሺ። ኃላፊሽ ካውያው ሳይጠፋ እንዲበርድ የፈለገው ምናልባት ፖሊስተር ጨርቅ ስለገባ ነው፤ ፖሊስተር የጥጥ ሙቀት ሲነካው ይወዛል፣ ይቀልጣልም።

ግን ተጠንቀቂ፤ «ዳውን» ሁልጊዜ መቀነስ አይደለችም። «ሸት ዳውን» ማሽኑን ፈጽሞ ማቆም ነው፣ «ብሬክ ዳውን» ተበላሽቶ መቆም ነው፣ «ስሎው ዳውን» ፍጥነት መቀነስ ነው። ስለዚህ «ዳውን ማለት ቀንስ» ብለሽ ሕግ አታውጪ። ጥንዱን አንድ ላይ ያዢ።

የመብራት ነገር ከተነሳ አይቀር፣ መብራት «ሄደ» ስንል «ዘ ላይት ወንት» ብሎ ማቆም አይበቃም። «ዘ ፓወር ወንት አውት» ወይም «ወንት ኦፍ» ነው፤ ሲመጣም «ኬም ባክ ኦን»።

አሁን የብዙውን ሰው አንደበት የሚያስረውን እንንገርሽ። «ተርን ኦፍ ዘ አይረን» ይባላል፤ «ተርን ዘ አይረን ኦፍ»ም ይባላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሃል መግባት አለበት፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። ይህ የማይከፈሉትን፣ መሃላቸው ሌላ ቃል የማያስገቡትን፣ አይመለከትም። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ ነው፣ «ሉክ ኢንቱ» መመርመር ነው፤ ሦስቱም አይከፈሉም፣ «ሉክ አፍተር ሄር» እንጂ «ሉክ ሄር አፍተር» አይባልም። የትኛው እንደሚከፈል ከመልኩ አታውቂውም። መዝገበ ቃላት ይነግርሻል፤ ለተማሪዎች በተዘጋጀ መዝገበ ቃላት «ሰምቲንግ» የምትለው ቃል በግሱና በትንሿ ቃል መሃል ከገባች ይከፈላል፣ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠች አይከፈልም። ሦስት ቃል ያላቸው፣ እንደ «ፑት አፕ ዊዝ» እና «ረን አውት ኦፍ» ያሉት፣ በአብዛኛው አይከፈሉም።

ይህ ሕግ ለጆሮሽም ይጠቅማል። ሰውዬው «ተርን፣ ኢት፣ ኦፍ» ብሎ ቃል በቃል አይናገርም፤ «ተርኒቶፍ» ብሎ ይጠቀልለዋል። «ፒክ ኢት አፕ» «ፒኪታፕ» ይሆናል። አሜሪካዊ ከሆነ መሃል ያለችውን «ት» እንደ ላላ «ድ» ያደርጋታል፣ «ፒኪዳፕ» ትሰሚያለሽ። ድምፁ የሚጠነክረው መጨረሻዋ ቃል ላይ ነው፣ «ኦፍ» ወይም «ዳውን» ላይ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ያደርጋል፤ ጆሯችን ግሱን ሲሰማ «አለቀ» ብሎ ያርፋል። እንግሊዝኛ ግሱን አስቀድሞ ወሳኟን ቃል ያስከትላል። አንቺም ያን ቀን «ተርን» ስትሰሚ ጆሮሽ አርፎ ሳይሆን አይቀርም። «ተርን» ስትሰሚ ገና ነው፤ ጠብቂ።

ወደ ስብሰባው እንምጣ። «ፑት ኦፍ» ማስተላለፍ ነው፣ «ኮል ኦፍ» መሰረዝ ነው። ሁለቱም «ኦፍ» ስላላቸው ቢምታቱብሽ አይፈረድብሽም። የሚለያቸው ከኋላ የሚመጣው ነው፤ ከ«ፑት ኦፍ» በኋላ ብዙ ጊዜ «እንቲል» የሚል ቃልና አዲስ ሰዓት ይከተላል፣ «ፑት ኦፍ እንቲል ስሪ»። ከ«ኮል ኦፍ» በኋላ አዲስ ሰዓት አይከተልም። እሱ «ስሪ» ሲል በኛ 9 ሰዓት መሆኑን አትርሺ፤ የሰዓቱ ልዩነት ከግሱ ባላነሰ ሰው ያሳስታል። «ፑት» በኃላፊ ጊዜም መልኩን አይለውጥም፣ ያው «ፑት» ነው። ሌሎቹን ግን ስትለውጪ ግሱን ለውጪ፣ ትንሿን ቃል አትንኪ፦ «ተርንድ ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍድ» አይባልም።

ሥራ ቦታ የሚሰሙትን ሌሎች ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። «ሀንድ ኢን» ለአለቃ ማስረከብ፣ «ሀንድ አውት» ለብዙ ሰው ማደል፣ «ሀንድ ኦቨር» ሥራን ወይም ቁልፍን ለተረካቢ ማስረከብ ነው፤ ተረካቢዋ ደግሞ «ቴክ ኦቨር» ታደርጋለች። «ካሪ ኦን» ቀጥሉ ማለት ነው፣ «ካሪ አውት» የታዘዘውን መፈጸም። ቅጽ መሙላት «ፊል ኢን»ም «ፊል አውት»ም ይባላል፤ እንግሊዞቹ ወደ መጀመሪያው፣ አሜሪካኖቹ ወደ ሁለተኛው ያደላሉ እንጂ የትርጉም ልዩነት የለውም። «ፊል ኢን ፎር» ሲሉሽ ግን የቀረችውን ሠራተኛ ተክተሽ ሥሪ ማለት ነው።

የምናምንበትን የአጠናን መንገድ እዚህ ላይ እንንገርሽ፤ ከእንግሊዝኛው ግስ አትነሺ፣ ከአማርኛው ተነሺ። እንግሊዝኛውን በፊደል ተራ ስታጠኚ «ፑት ኦፍ፣ ፑት ኦን፣ ፑት አውት፣ ፑት አፕ» ተደርድረው ይመጡብሻል፤ የሚመሳሰሉ አዳዲስ ቃላት ባንድ ቀን ሲጠኑ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። የሦስተኛው ቀን መደበላለቅ የመጣው ከዚህ ነው። የአማርኛ ግስ ግን አንቺ በየቀኑ የምትኖሪበት ነው።

«ተነሳ» የሚለውን ውሰጂ። ከእንቅልፍ መንቃት «ዌክ አፕ» ነው፤ ነቅቶ ከአልጋ መነሳት «ጌት አፕ» ነው። ነቅተሽ አልጋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብትቆዪ «ዌክ አፕ» አድርገሻል፣ «ጌት አፕ» አላደረግሽም። ሽማግሌ ሲገቡ ከወንበር ብድግ ማለት «ስታንድ አፕ» ነው። ጠዋት ወደ ደሴ ለመንገድ መነሳት «ሴት ኦፍ» ነው። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላኑ ሲነሳ «ቴክ ኦፍ» ነው። እሳት፣ ጦርነት፣ ወረርሽኝ ሲነሳ «ብሬክ አውት» ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ጉዳይ ሲነሳ «ካም አፕ» ነው። ፎቶ መነሳት ደግሞ ከነዚህ ከአንዱም አይገባም። በአማርኛ አንድ ግስ የሆነው በእንግሊዝኛ ሰባት ሆነ፤ ሰባቱን ግን በሰባት ሥዕል ስለያዝሻቸው አይምታቱብሽም፤ አልጋ፣ ወንበር፣ መንገድ፣ አውሮፕላን፣ እሳት ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው።

«አለቀ» ለአንቺ ሥራ ከሁሉም ይበልጣል። ክር አለቀብን ለማለት «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ስሬድ» ነው። አሠራሩን ልብ በዪ፤ በኛ ባለቤቱ ክሩ ነው፣ እኛ በ«ብን» ውስጥ ተደብቀናል። በእንግሊዝኛ ባለቤቶቹ እኛ ነን፣ ክሩ መጨረሻ ላይ ነው። አማርኛውን ተከትለሽ በክሩ ከጀመርሽ «ኦፍ»ን ጣዪ፣ «ዘ ስሬድ ሃዝ ረን አውት» በዪ። ቀበቶው ወይም ጎማው አልቋል ስትዪ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ተበልቶ፣ ሳስቶ ነውና «ዎርን አውት» ይባላል። ለግዢ ክፍል ክር «ዎርን አውት» ሆኗል ብትዪ ክሩ አርጅቷል ማለትሽ ይሆናል።

«ለበሰ» ላይ እኛ እንበልጣቸዋለን። ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ነጠላ እናጣፋለን፣ ቆብ እንደፋለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ መነጽር እናደርጋለን። እንግሊዝኛው ሁሉንም «ፑት ኦን» ይላል፣ ሁሉንም ማውለቅ ደግሞ «ቴክ ኦፍ»። «ፑት ኦን» የመልበሱ ድርጊት ብቻ ነው፤ ለብሶ መቆየት «ዌር» ነው። «ፑት ኦን ዩር ማስክ» ሲልሽ አሁኑኑ አድርጊ ነው፤ «ዌር ዩር ማስክ» ካለሽ ሥራ ላይ እስካለሽ አይውለቅ ነው።

«ወረደ» የትራንስፖርት ነው። ተነስተሽ ቆመሽ መራመድ የምትችዪበት፣ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ይፈልጋል። ጎንበስ ብለሽ ገብተሽ የምትቀመጪበት፣ የቤት መኪና፣ ታክሲ፣ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦፍ» ይፈልጋል። ባጃጅንም ከታክሲ ጋር ቁጠሪው። ሞተር ሳይክል፣ ፈረስና በቅሎ፣ ኮርቻ ያላቸው ሁሉ፣ ከ«ኦን» እና «ኦፍ» ጋር ናቸው።

ትንሿ ቃል ራሷ ትርጉም የላትም ወይ? አላት፤ ግን መጠን አለው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ይዘሽ «ጎ አፕ ቱ ደሴ» ብትዪ፣ ስትመለሺ «ጎ ዳውን» ብትዪ፣ ቃሉ እንዳለ መውጣትና መውረድ ነው። ከዚያ ወደ ቁጥር ይሻገራል፤ ዋጋ «ጎ አፕ» ይላል፣ ሙቀት «ጎ ዳውን» ይላል፤ በአማርኛም ዋጋ ይወጣል ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ማሰብ ይረዳሻል። ከዚህ ወዲያ ግን «ተርን አፕ» ሰው ብቅ አለ ማለት ይሆንና «አፕ» ከከፍታ ጋር ምንም አይገናኝም። ትርጉሙን ከትንሿ ቃል ገምቺ፣ ግን ግምትሽን ሳታረጋግጪ እጅሽ ማሽን አይንካ።

ስንት ያስፈልግሻል? ያው የ2007ቱ ጥናት 20 ግሶች ከ8 ትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመሩ በተመረመረው ጽሑፍና ንግግር ውስጥ ካሉት ፍሬዛል ቨርቦች ከግማሽ በላይ እንደሚሸፍኑ አሳይቷል። «ጎ»፣ «ካም»፣ «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ፑት»፣ «ተርን»፣ «ሉክ» የመሳሰሉት ናቸው። 500ውን ከስልክሽ አጥፊው። በሳምንት 6 ይበቃሻል፤ በአሥር ሳምንት 60 ይሆናል፣ ለአንድ የካውያ ክፍል 60 ብዙ ነው።

አንድ ደብተር ያዢ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ስጪ። በግራ አማርኛውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ ከሥራሽ የወጣ ይሁን። በቀኝ ሦስት መስመር፦ አንዱ በስም፣ አንዱ በ«ኢት»፣ አንዱ በኃላፊ ጊዜ። ማታ ቀኙን በእጅሽ ሸፍነሽ አማርኛውን እያየሽ ድምፅ አውጥተሽ በዪው፤ በዓይን ብቻ ያነበብሽው ጆሮሽ ውስጥ አይገባም። በማግሥቱ ድገሚው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገሚው፣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። የሳትሽው ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለስ። ሥራ ላይ አዲስ ስትሰሚ ትርጉሙን ወዲያው አትፈልጊ፤ ማን፣ የት፣ በምን ዕቃ ላይ እንደተናገረው ብቻ በማስታወሻ ያዢ። ማታ መዝገበ ቃላቱ አምስት ትርጉም ሲዘረዝርልሽ ትክክለኛውን የሚመርጥልሽ ያ ማስታወሻ ነው።

የሚመሳሰሉ አዳዲሶች ባንድ ቀን ሲጠኑ ይጠፋፋሉ ብለናል፤ ስለዚህ በተለያየ ሳምንት አድርጊያቸው። ቀድመው የተምታቱብሽ ግን ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ እነሱን የሚለያቸው መነጻጸር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ገጾችሽ እንዲህ ይሁኑ። «ካውያውን ቀንሺው»፦ «ተርን ዘ አይረን ዳውን፣ ተርን ኢት ዳውን፣ አይ ተርንድ ኢት ዳውን»። ከፊቱ «ካውያውን አጥፊው»፦ «ተርን ዘ አይረን ኦፍ፣ ተርን ኢት ኦፍ፣ አይ ተርንድ ኢት ኦፍ»። ቀጥሎ «ስብሰባው ወደ 9 ሰዓት ተገፋ»፦ «ፑት ዘ ሚቲንግ ኦፍ እንቲል ስሪ፣ ፑት ኢት ኦፍ፣ ዘይ ፑት ኢት ኦፍ»፤ ከፊቱ «ስብሰባው ተሰረዘ»፦ «ኮል ዘ ሚቲንግ ኦፍ፣ ኮል ኢት ኦፍ፣ ዘይ ኮልድ ኢት ኦፍ»። አምስተኛው «ክር አለቀብን»፦ «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ስሬድ፣ ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ኢት፣ ዊ ራን አውት ኦፍ ኢት»፤ እዚህ «ኢት» መጨረሻ ላይ ናት፣ አይከፈልምና። ስድስተኛው «ማሽኑ ተበላሽቶ ቆመ»፦ «ዘ ማሽን ብሮክ ዳውን»። ይህኛው ተሳቢ የለውም፤ «ብሬክ ዘ ማሽን ዳውን» ብትዪ ማሽኑን አንቺ ሰባበርሽው ወይም ፈታታሽው ይሆናልና የ«ኢት»ን መስመር ባዶ ተዪው።